የጨረስኩት ብድር ባንክ ላይ ዛሬም ዕዳ ሆኖ ይታያል፤ የት ሄጄ ላሳርመው?

የጠባሴዋ፦

ሰላም የሸዋ ልጆች። ነገሩ ግራ ቢገባኝ ነው የጻፍኩት፤ የምታውቁ ንገሩኝ።

ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው ያለሁት፣ በግ አደልባለሁ። ከመንዝ ገበያ ከሲታ በግ እየገዛሁ፣ ፉርሽካና ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣውን አተላ እያበላሁ አወፍራለሁ፤ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። ዘንድሮ ከጓሮ ወጣ ብዬ ሰፋ ያለ በረት ልሠራ አሰብኩና ባንክ ሄጄ ብድር ጠየቅሁ። ካርታ አለኝ፣ ንግድ ፈቃዴ ታድሷል፣ የግብር ውዝፍ የለብኝም። የብድር ክፍሉ ልጅ ቲን ነምበሬን አስገብቶ ኮምፒውተሩን አየት አደረገና "እትዬ፣ ሌላ ቦታ ያልተዘጋ ብድር አለብዎት፤ እሱን ጨርሰው ይምጡ" አለኝ።

እኔ ያለብኝ ዕዳ የለም። ድሮ ደብረ ሲና ቆሎ እሸጥ በነበረበት ጊዜ አምስት ሴቶች ሆነን በቡድን ዋስትና ከአንድ አበዳሪ ተቋም ተበድረን ነበር። የድርሻዬን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከፍያለሁ፤ ደብተሬ ላይ ማህተም አለ። ልጁ እንደነገረኝ ግን ቀሪ 2,340 ብር ይላል፣ ደረጃው ደግሞ "ኪሳራ" ነው። ኪሳራ! እኔ ያላከሰርኩትን ማን እንዳከሰረኝ እንጃ።

ባለቤቴ "ትንሽ ብር ናት፣ ከፍለሽ ገላግይን" ይላል። እኔ ያልበላሁትን አልከፍልም ብያለሁ። የሚያርመው ማነው? ባንኩ ነው፣ አበዳሪው ነው ወይስ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ? ደግሞስ ይህን መዝገብ ሰው ብድር ሳይጠይቅ አስቀድሞ ማየት አይችልም?


ጡረተኛው ከመሐል ሜዳ፦

እህቴ፣ ያቺን ገንዘብ እንዳትከፍዪ። ቢያንስ አሁን። ባለቤትሽ የሰላም ሰው ነው፣ እንዲህ ያለው ሰላም ግን ለሌላ ጊዜ ይዋል። ከከፈልሽ ዕዳው የእኔ ነበር ብለሽ ፈረምሽ ማለት ነው፤ ሒሳቡ ይዘጋል እንጂ "ለዓመታት ሳትከፍል ቆይታ ዘጋች" የሚለው ታሪክ ከስምሽ ሥር ይቀራል።

እኔ መንዝ ውስጥ ብድር ስሰጥና ብድር ስሰበስብ ኖሬ በጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጓሳ ዳር ያሉ ቀበሌዎችን በበቅሎ እየዞርኩ ደብተር መዝግቤያለሁ። ስህተት የት እንደሚወለድ ስለማውቅ ትንሽ ላስረዝም፣ ታገሡኝ።

ባንኩ ያየው መዝገብ የባንኩ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ውስጥ የብድር መረጃ ማዕከል የሚባል አለ። ባንኮች፣ ማይክሮ ፋይናንሶችና ማሽን በኪራይ የሚያቀርቡት የፋይናንስ ድርጅቶች ማን ስንት እንደተበደረ፣ ስንት እንደመለሰ፣ ስንት እንደቀረው ወደዚያ ይልካሉ። በ2004 ዓ.ም. መመሪያ ወጥቶለት በኮምፒውተር መረብ መሥራት ከጀመረ ወዲህ ባንክ እሱን ሳያይ ብድር አይፈቅድም። ስለዚህ ያ የብድር ክፍል ልጅ ማረም አይችልም፤ ተናዶ መጮህም አይገባም። ብሔራዊ ባንክም ቢሆን ከራሱ ተነስቶ ቁጥር አይለውጥም። መረጃውን የላከው ተቋም ነው "የላክሁት ስህተት ነበር፣ ይታረም" ብሎ መልሶ መላክ ያለበት። መንገድሽ ወደ ደብረ ሲና ነው።

ከመሄድሽ በፊት ግን ልጁን ጠይቂው። መብትሽ ነው፣ ስለ ራስሽ የተጻፈ ነው። "ዕዳ አለብሽ" ብቻ አይበቃም። የላከው ተቋም ማነው፣ የትኛው ቅርንጫፍ ነው፣ የብድሩ ቁጥር ስንት ነው፣ መቼ ተሰጠ፣ መጀመሪያ ስንት ነበር፣ መረጃው ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው መቼ ነው? እነዚህን በወረቀት ጽፈሽ ያዢ። "ዕዳ የለብኝም" ብለሽ ባዶ እጅሽን ቅርንጫፍ ብትሄጂ የሚፈልግልሽ የለም፤ በብድሩ ቁጥር ስትጠይቂ ግን ሰውየው ፋይሉን ከማውጣት ሌላ ማምለጫ የለውም።

"ኪሳራ" ያስደነገጠሽ እንደሆነ፣ የመደብ ስም ነው። በባንክ አመዳደብ ክፍያ 30 ቀን ካለፈው ልዩ ክትትል ይባላል፤ 90 ቀን ካለፈው ከደረጃ በታች፣ 180 ሲሞላ አጠራጣሪ፣ 360 ሲሞላ ኪሳራ። ከ90 ጀምሮ ያለው ሁሉ የተበላሸ ብድር ነው። የገንዘቡን ማነስ አያይም፤ ሁለት ሺህ ብርም ሁለት ሚሊዮን ብርም እዚያ ሲደርሱ ስማቸው አንድ ነው። ባንኮች የተበላሸ ብድራቸው ከጠቅላላው 5 በመቶ እንዳይበልጥ ታዘዋል፣ በዚያ ላይ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ብድራቸው በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ተገድቦ፣ ኋላም ገደቡ ደረጃ በደረጃ ከፍ አለ። የሚያበድሩት ሲያጥራቸው ሰውን የሚያወጡት በትንሽ ሰበብ ነው። ያንቺ 2,340 ብር በቂ ሰበብ ናት።

አሁን ወደ ዋናው። ስህተት ላይሆንም ይችላል፣ ይህንን ቀድመሽ አጣሪ። አምስታችሁ ስትፈርሙ ውሉ ምን ይላል? የቡድን ዋስትና ማለት አንዷ ብትጠፋ አራታችሁ ትሸፍናላችሁ ማለት ነው። የድርሻሽን መጨረስሽ ብቻውን አያስወጣሽም። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ይህን ሳንነግራቸው ያስፈረምናቸው ጥቂት አልነበሩም፤ ነግረናቸውም በግርግር ያልሰሙ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ደብረ ሲና ስትደርሺ የመጀመሪያ ጥያቄሽ "ይህ ቀሪ የእኔ ነው ወይስ የቡድኑ?" ይሁን።

ያንቺ ነው ካሉሽ ያኔ ስህተቱን መፈለግ ነው። በእኔ ዘመን ያየኋቸው እነዚህ ናቸው። አንዱ፣ ብድሩ በደብተር ተዘግቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሳይዘጋ የቀረ፤ በተለይ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በተዛወርንባቸው ዓመታት። ሁለተኛው፣ የመጨረሻው ክፍያ በዓል ወይም እሁድ ላይ ውሎ በማግሥቱ ሲገባ የተቆጠረ የጥቂት ቀን ቅጣት፤ ባለዕዳው አያውቀውም፣ እኛም አንነግረውም፣ ሳንቲሙ እዚያው ተቀምጦ 360 ቀን ይሞላዋል። ሦስተኛው የሰው ማንነት መደበላለቅ ነው። ቲን አሥር አኃዝ ነው፤ አንዱ ሲሳሳት ዕዳው ወደማታውቂው ሰው ይሄዳል። ቲን የሌለው ገበሬ ደግሞ በቀበሌ መታወቂያ ነበር የሚበደረው፤ እሱ ላይ ያለን ስም፣ ያባት ስም፣ ያያት ስም ነው። መንዝ ውስጥ በሦስቱም ስም የሚገጣጠሙ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀበሌ አግኝቼ አውቃለሁ፤ አንደኛው የሌላኛውን ዕዳ እየተጠየቀ ሲበሳጭ በዓይኔ አይቻለሁ። በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለ፤ ስህተትም ሲጻፍ ይወረሳል።

ማመልከቻሽን በጽሑፍ አቅርቢ፣ ሁለት ኮፒ አድርጊና በአንዱ ላይ "ደርሶናል" ብለው ፈርመው ማህተም ያድርጉበት። ደብተርሽን ኦሪጅናሉን እንዳትሰጫቸው። አሳይተሽ ኮፒውን ስጪ። ካልመለሱልሽ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የቅሬታ ክፍላቸው፣ ከዚያም ካልሆነ ብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎችን ቅሬታ ይቀበላል። ቅደም ተከተሉን ከዘለልሽ ግን "መጀመሪያ ተቋሙን ጠይቂ" ብለው ይመልሱሻል።

መዝገቡን ሳትበደሪ ማየት ላልሽው፣ ይቻላል። ተበዳሪ የራሱን መረጃ የመጠየቅ መብት አለው። ችግሩ የሚጠይቅ የለም። ሰዉ ጤናውን ሳይቀር በዓመት አንዴ ይመረመራል፣ ይህንን ግን በግ ሊገዛ ሲል ነው የሚያስታውሰው።


የጠባሴዋ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቡድኑን ነገር አላሰብኩትም ነበር። አምስታችንም ጨርሰናል ብለን ነው የተለያየነው፣ ጠላ ጠምቀን በልተን ጠጥተን። ልጁን ነገ ሄጄ የነገሩኝን እጠይቀዋለሁ።


የአጣዬ ሰው፦

ደረሰኝ ላላችሁማ ጥሩ ነው። እኔ በ2013 ከተማችን ስትቃጠል ሱቄም ውስጡ ያለው ወረቀትም አብሮ ነደደ። ብድሬን ያን ጊዜ ግማሽ ያህል ከፍዬ ነበር፣ ቀሪውን ኋላ ደብረ ብርሃን ተፈናቅዬ ሳለሁ ዘጋሁት። እንደ እህቴ አንድ ቀን ዕዳ አለብህ ብባል ምን አሳያለሁ? ማህተም ያለበት ደብተር የለኝ፣ ውል የለኝ።


ጡረተኛው ከመሐል ሜዳ፦

የአጣዬው ወንድሜ፣ እግዜር ያጽናህ። አንተ ጋ የተቃጠለው ያንተ ኮፒ ነው። ገንዘቡን የከፈልከው በእጅህ ሳይሆን ከቁጠባ ሒሳብህ ተቀናሽ እየሆነ ከነበረ፣ ሒሳቡ ያለበት ተቋም ስቴትመንት ያወጣልሃል፤ ተቀናሹ በቀን በቀኑ ይታያል። በጥሬው ገንዘብ መክፈያ መስኮት ላይ ከፍለህ ከሆነም የዕለቱ ሒሳብ በእነሱ ዘንድ አለ፤ ቅርንጫፉ ቢቃጠል እንኳ ኮምፒውተር ላይ የገባው ዋናው መሥሪያ ቤት ይገኛል።

ግን ማንም "ዕዳ አለብህ" እስኪልህ አትጠብቅ። አሁን ምንም ሳትፈልግ ሂድና ብድሩ ስለመዘጋቱ ክሊራንስ አጽፍ። አሁን የሚያውቁህ ሠራተኞች ወደ ሌላ ቦታ ሳይዛወሩ። እኔ ራሴ ስዛወር ስንት ሰው "እሱ ያውቅልኛል" እያለ ከተተኪው ጋር እንደተጣላ አይቻለሁ።


አንኮበሬው በሜሪላንድ፦

እዚህ አሜሪካ ይሄን በስልኬ ነው የማየው። ሦስት የግል ድርጅቶች አሉ፣ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያን፣ ትራንስዩኒየን ይባላሉ። ድሮ ከእያንዳንዳቸው በዓመት አንዴ ነበር በነፃ የሚሰጡት፤ በኮሮና ጊዜ በየሳምንቱ አደረጉት፣ በ2023 እ.ኤ.አ. እንደዚያው እንዲቀጥል ተወሰነ። ስህተት ካገኘህ ለድርጅቱ ትጽፋለህ፣ በሕጉ መሠረት አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት። ያልከፈልከው ዕዳ እውነት ከሆነ ግን ሰባት ዓመት ይከተልሃል።

እንዳይመስላችሁ ታዲያ፣ እዚህም ስህተቱ ሞልቷል። የእኛ ሰው ደግሞ ያባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚጽፍ፣ አንዱ ወረቀት ላይ ያያቱ ስም ስለሚገባ፣ ፊደሉም በየወረቀቱ ስለሚለያይ መዝገቡ ሁለት ሰው ያስመስለዋል። እኔ መኪና ልገዛ ስል ኖሬበት የማላውቅ ከተማ አድራሻ ስሜ ላይ ተጽፎ አገኘሁ። እናንተ ጋ ፋይዳ ቁጥር መጥቷል ሲባል ደስ ያለኝ ለዚህ ነው፤ አሥራ ሁለት አኃዝ በጣት አሻራ የታሰረ ከሆነ የስም ጣጣው ይቀንሳል።


ጡረተኛው ከመሐል ሜዳ፦

ፋይዳ ከእንግዲህ ለሚሰጠው ብድር ይረዳል፤ በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ በቀበሌ መታወቂያ የተጻፈውን ግን የሚያጸዳልን ሰው እንጂ ቁጥር አይደለም። ስልክ ላይ ማየቱን ግን ቀናሁባችሁ።


ማሾ ነጋዴ፣ ሸዋ ሮቢት፦

ይቅርታ ጥያቄ ልጨምር። እኔ ራሴ አልተበደርኩም፣ ለጓደኛዬ ግን ዋስ ሆኜ ፈርሜያለሁ። ሲከፍል አይቼው አላውቅም፣ ስጠይቀው "እየከፈልኩ ነው አትጨነቅ" ይለኛል። የእኔ ስም ይበላሻል? ደግሞ በቴሌብር የምንበደራትን ትንሽ ብርስ ባንክ ያያታል?


ጡረተኛው ከመሐል ሜዳ፦

"አትጨነቅ" የሚልህ ሰው ላይ ነው መጨነቅ ያለብህ።

የፈረምክበትን ወረቀት አውጣና ሁለት ነገር ተመልከት። አንደኛ፣ ስንት ብር ድረስ ዋስ እንደሆንክ ተጽፏል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 ዋስትና የገንዘቡ ጣሪያ ካልተጻፈበት አይጸናም ይላል። ሁለተኛ፣ "በአንድነትና በነጠላ" የሚል ቃል አለበት? ካለ አበዳሪው ጓደኛህን ሳይነካ በቀጥታ ወደ አንተ መምጣት ይችላል፣ ባንኮች ደግሞ ያለዚያ ቃል አያስፈርሙም። ከዚያ አበዳሪው ቅርንጫፍ ሂድና "ዋስ ነኝ፣ የዛሬው ቀሪ ስንት ነው፣ ውዝፍ አለው ወይ?" ብለህ በማመልከቻ ጠይቅ። ዋስ ስለሆንክ አያስቀይሙህም። ውዝፉ 90 ቀን ሳይሞላ ካወቅህ ጓደኛህን ሽማግሌ ልከህ ታናግረዋለህ፤ ከሞላ በኋላ የምታናግረው ጠበቃ ነው።

የቴሌብሩ ነገር፣ "መላ" እና "እንደኪሴ" የሚባሉት ገንዘባቸው ከባንክ ነው የሚወጣው። ብድር ናቸው። ትንሽ ናት ብሎ የሚተዋት ሰው ትንሽ ዕዳ ምን እንደምታደርግ ከላይ ከእህታችን ይማር። ዕቁብህ ግን አይታይም፤ ዕድርም፣ ከሰው የተበደርከውም። የገንዘብ ቁጠባና ብድር የኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር አይደሉም፣ እዚያ ያለህን በየራሳቸው ነው የምትጠይቀው።


የጠባሴዋ፦

ተመልሼ መጣሁ፣ ውጤቱን ልንገራችሁ።

የባንኩ ልጅ ስጠይቀው መጀመሪያ "ይሄ ምስጢር ነው" አለኝ። "የኔን ምስጢር ከኔ ደብቀህ ለማን ልትነግረው ነው?" ስለው ሳቀና የብድሩን ቁጥር ጻፈልኝ። መረጃው ከታደሰ ዓመታት አልፎታል።

ደብረ ሲና ስሄድ የድሮዎቹ ሠራተኞች አንዳቸውም የሉም። አንዲት ልጅ ግን ታግሣ መዝገብ አወጣችልኝ። ጋሼ እንዳሉት "የኔ ነው ወይስ የቡድኑ?" ብዬ ጠየቅሁ። ያንቺ ነው አለች፣ ቡድኑ ዕዳ የለበትም። ከዚያ ደብተሬንና የእነሱን ገጽ ጎን ለጎን አድርገን በቀን በቀኑ አመሳከርን። ሁሉም ይገጥማል፣ የመጨረሻዋ ክፍያ ብቻ እኔ ደብተር ላይ አለች፣ እነሱ ጋ የለችም። ልጅቱ አሰብ አድርጋ የቡድኑን የሌሎቹን ገጽ ከፈተች። ያንኑ ቀን፣ ያንኑ ብር ከኔ ቀጥሎ ቁጥር ያላት ጓደኛችን ሒሳብ ውስጥ አገኘችው። የኔ ገንዘብ እሷ ጋ ገብቶ ኖሯል።

ማናጀሩ ፈርሞ ተስተካከለልኝ። ክሊራንስ በማህተም ሰጡኝ፣ ወደ መረጃ ማዕከሉም እርማቱን እንልካለን ብለው ማመልከቻዬ ኮፒ ላይ ፈርመውልኛል። ለባንኩ ልጅ ክሊራንሱን ወስጄ አሳየሁት፤ ፋይሌ ውስጥ አስገባው፣ ግን "ኮምፒውተሩ ላይ ተስተካክሎ ካላየሁት ኮሚቴው አይፈቅድም" አለኝ። እንግዲህ እየተመላለስኩ ማስከፈት ነው። ለፋሲካ ባይደርስ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል።


ጡረተኛው ከመሐል ሜዳ፦

ጎበዝ። ገጾቹን ጎን ለጎን ማመሳከር ትልቁ ሥራ እሱ ነው፣ ሰው ማህተሙን ብቻ አሳይቶ ይመጣል። አንድ ነገር ግን ሳትጨርሺ ቀርተሻል። ገንዘቡን ከጓደኛሽ ሒሳብ አውጥተው ወደ አንቺ ከመለሱት፣ እሷ ጋ ያለው ምን ሆነ? የሷ ሒሳብ በዚያ ገንዘብ ተዘግቶ ከነበረ ዛሬ ተከፍቷል። የቀድሞው ቀን ስለሚቆጠር ደግሞ ገና ሲከፈት "ኪሳራ" ነው።


የጠባሴዋ፦

ወይኔ። ይሄን አላሰብኩትም።


የጠባሴዋ፦

አሁን ደወልኩላት። እሷ ከደብረ ሲና ከወጣች ቆይታለች፣ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ትነግዳለች። እንደኔው ጨርሻለሁ ነው የምትለው፣ ደብተሯም ተዘግቷል ይላል። የራሷን የመጨረሻ ክፍያ የት እንዳስገቡት ግን እኛም እነሱም አላየንም፤ ከሷ ቀጥሎ ባለችው ሦስተኛዋ ሒሳብ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ሰኞ ደብረ ሲና እንገናኛለን። ደብተርሽን ይዘሽ ነይ ብያታለሁ፤ የሌሎቹን ሦስቱን ስልክ እሷ ታገኛለች።